ጎማም አማና ነው
በቡሬ መንገድ ለሚመላለሱ ቤተሰቦችና አሽከርካሪዎች የቀረበ ማስገንዘቢያ



አንድ ልጅ በየቲምነት ለድጋፍ ሲመዘገብ በቅጹ ላይ ከሚሞሉት መስመሮች አንዱ ወላጁ የሞተበት ምክንያት ነው። በዚያ መስመር ላይ ሕመም ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ ሌላም ሌላም ይሰፍርበታል። «የመኪና አደጋ» የሚሉት ሁለት ቃላት ሲጻፉ ግን ጸሐፊውም ቤተሰቡም ዝም ብለው ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋሉ። ቅጹ ከዚያ በላይ አይጠይቅም። አደጋው ከምን እንደመጣ፣ ሊቀር ይችል እንደነበረ፣ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ማን ምን ማየት ይችል እንደነበረ የሚሰፍርበት ቦታ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ መካከል ከ10 ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከሟቾቹ ሁለት ሦስተኛው ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 59 ዓመት የሆነ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ሠርቶ የሚያበላው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍነው ሰው የሚገኘው በዚሁ ዕድሜ ክልል ውስጥ ነውና። በመንገድ ላይ አንድ ሰው ሲሞት ብዙውን ጊዜ አንድ ቤት አብሮ ይፈርሳል።

እርግጥ ነው፣ አደጋ የሚደርሰው በጎማ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከመጠን ያለፈ ፍጥነት፣ የአሽከርካሪ ድካም፣ የፍሬን ጉድለት፣ የእግረኛውም የአሽከርካሪውም ቸልተኝነት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሁንና ጎማ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ፍሬንና መሪ ውስጣቸው የሚታየው ባለሙያ ሲፈታቸው ነው፤ ጎማ ግን በማንም ዓይን ፊት የቆመ ነው። ከመፈንዳቱ በፊትም አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ ምልክቶቹን ለማሳየትና «ጎማው በድንገት ፈነዳ» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ እውነቱን እንደሚሸፍን ለማስረዳት የቀረበ ነው።

የመንገዱ ጠባይ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ቡሬ የሚመጣ ተሽከርካሪ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ውስጥ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ከዚያም በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ቡሬ ይደርሳል። ቡሬ ደግሞ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ሰሜን በጥልሊና በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር ይኬዳል፤ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ዓባይን እንደገና ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ያደርሳል። በቆሎና በርበሬ የጫኑ ኢሱዙዎች፣ ሚኒባሶች፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሶችና ባጃጆች በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። በገበያ ቀን ደግሞ ሰውና ከብት ይጨመርበታል።

ይህ መንገድ ጎማን በሦስት መልኩ ይፈትነዋል። አንደኛው ሙቀት ነው። ማለዳ በቡሬ ብርድ የተነሳ መኪና በእኩለ ቀን የዓባይ በረሃን ሲያቋርጥ አየሩም አስፋልቱም ሌላ ነው። ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። አሽከርካሪው ፍሬን እየረገጠ ብቻ ከወረደ የፍሬኑ ትኩሳት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬውም ወደ ጎማው ይተላለፋል። ስለዚህ ዳገት የሚወጣበትን ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል መኪናውን እየያዙ መውረድ ፍሬንንም ጎማንም ያድናል። ሦስተኛው ከበረሃው በኋላ የሚመጣው ሜዳ ነው። አሽከርካሪው ቁልቁለትና ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ «አሁን መንገዱ ተገኘ» ብሎ ፍጥነት ይጨምራል። ይህን የሚያደርገው ግን ጎማው ከሙቀቱ ገና ሳይበርድ ነው።

ርካሹ ጥንቃቄ፦ ነፋስ

መኪናውን የሚሸከመው ላስቲኩ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነፋስ ጭምር ነው። ነፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ከልክ በላይ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ሽቦ ደጋግመን ብናጥፈው መታጠፊያው እንደሚግል ሁሉ ጎማውም በመተጣጠፍ ብዛት ከውስጥ ይግላል። ሙቀቱ ሲበዛ ላስቲኩን ከውስጠኛው ክርና ሽቦ ጋር ያጣበቀው ነገር ይለቃል፤ የላይኛው ልብስ ይላቀቃል፤ ጎማውም ይፈነዳል። በመሆኑም ጎማ የሚፈነዳው ነፋስ ሲበዛበት ብቻ ነው የሚለው የተለመደ እምነት ስህተት ነው። በረጅም ጉዞ ላይ ይበልጥ የሚያሰጋው የነፋስ ማነስ ነው።

ይህን በተመለከተ ዓለም ትልቅ ትምህርት የወሰደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ 6 ሚሊዮን ተኩል ያህል ጎማዎችን ከገበያ እንዲመለሱ አደረገ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማዎቹ የላይኛው ልብስ በጉዞ ላይ እየተላቀቀ መኪኖቹ ይገለበጡ ነበር። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ከጉዳዩ ጋር ያያያዛቸው ሞቶች ከ270 በላይ ደርሰዋል። የጎማዎቹ የአሠራር ጉድለት እንዳለ ሆኖ ብልሽቱ የጎላው በሞቃት አካባቢዎች፣ በከፍተኛ ፍጥነት፣ በከባድ ጭነትና በአነስተኛ ነፋስ ነበር። ከዚህ በኋላ በወጣው ሕግ ምክንያት በአሜሪካ ከ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች የጎማ ነፋስ ሲያንስ አሽከርካሪውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው ተደረገ። ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ጭነትና የነፋስ ማነስ፦ እነዚህ አራቱ በእኛም መንገድ ላይ በየቀኑ ይገናኛሉ።

ታዲያ ትክክለኛው መጠን ስንት ነው? መልሱ ከመኪና መኪና ይለያያል። አምራቹ የወሰነው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በአሽከርካሪው በር መቃን ላይ በተለጠፈች ወረቀት ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን ለዚያ ጎማ የተፈቀደው የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ መኪናው የሚፈልገው መጠን አይደለም። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው።

መለካት የሚገባው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ማለትም ማለዳ ከመነሳት በፊት፣ ወይም መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ። ጎማ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። በ35 ፒኤስአይ የተሞላ የአነስተኛ መኪና ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ በጉዞ መካከል «ነፋሱ በዝቷል» ብሎ ከሞቀ ጎማ ላይ መቀነስ አደገኛ ነው፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው በታች ይሆናልና። ምንም ቀዳዳ የሌለው ጎማም በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ሊያጣ ይችላል። ሦስት ወር ያልተለካ ጎማ ደኅና ይመስላል እንጂ ደኅና አይደለም።

በእግር ረገጥ ማድረግ ወይም በዱላ መታ መታ ማድረግ ልኬት አይደለም። እንዲህ በማድረግ ፈጽሞ የወረደ ጎማ ሊለይ ይችላል፤ ከሚፈለገው በአምስተኛ እጅ ያነሰውን ግን ልምድ ያለው ረዳት እንኳ አይለየውም። የጭነት መኪና ባለሙያዎች ደግሞ ነፋሱ በአምስተኛ እጅ ያነሰን ጎማ እንደወረደ ጎማ ይቆጥሩታል። አንዲት ትንሽ የነፋስ መለኪያ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር ወጪዋ ከቁጥር አይገባም። ጎማ ውድ በሆነበት በዚህ ዘመን «ለመለወጥ አቅም የለኝም» የሚል ባለንብረት ሊታዘንለት ይገባል። ነፋስ ግን ለማንም አቅም አይከብድም።

ጎማው የሚሸከመው ጭነት

በጎማ ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፍ ቁጥር አለ። በብዙ ሚኒባሶች ላይ በሚታየው 195 አር 15 ሲ በተባለው ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ 106/104 የሚል ይነበባል። ይህ ኪሎ ግራም አይደለም፤ የሸክም መለያ ቁጥር ነው። 106 ማለት ጎማው ለብቻው ሲገጠም እስከ 950 ኪሎ ግራም፣ 104 ማለት ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም እያንዳንዱ እስከ 900 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ጎማው ይህን ሁሉ የሚሸከመው የሚገባውን ያህል ነፋስ ሲይዝ ብቻ መሆኑ ነው። ነፋሱ ሲቀንስ አቅሙም አብሮ ይቀንሳል።

አሁን የገበያ ቀንን እናስብ። ለ12 ሰው በተፈቀደ ሚኒባስ ላይ 18 ሰው ሲሳፈር፣ አንዱን ሰው በአማካይ 60 ኪሎ ግራም ብንለው ትርፉ ብቻ 360 ኪሎ ግራም ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ ሁለት ኩንታል በቆሎ ሲጨመር ትርፉ 560 ኪሎ ግራም ይሆናል። የዚህ ሸክም አብዛኛው የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ከላይ የተጫነው ኩንታል ደግሞ የመኪናውን ሚዛን ወደ ላይ ስለሚያነሳው ጎማ ቢፈነዳ የመገልበጡ ዕድል ይጨምራል። ረዳቱ «ተጠጋጉ፣ ቅርብ ወራጅ ነው» ሲል ለአንድ ተጨማሪ ሰው ቦታ የሚገኝ ይመስለናል፤ ቦታው የሚገኘው ግን ከጎማው አቅም ላይ ነው።

የጎማ ዕድሜ እና የዘመን አቆጣጠር ስህተት

ላስቲክ ሳይነዱትም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር እያደረቁት ይሰነጣጥቃል። ስለዚህ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ጤናማ ጎማ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ አምራቾች አንድ ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲወገድ ይመክራሉ። ስድስት ዓመት ሲሞላው እንዲለወጥ የሚመክሩ የመኪና አምራቾችም አሉ።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጋር የተጻፈ ረዘም ያለ መለያ ይገኛል። የመለያው የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ለምሳሌ 3518 የሚል ቢገኝ ጎማው በ2018 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ይህ ዓመት የሚቆጠረው በአውሮፓውያን ዘመን ነው። 3518 የሚለው ጎማ የተሠራው በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ ወር 2010 መጨረሻ ነው። «18» የሚለውን አይቶ 2018 ዓመተ ምሕረት ብሎ የሚያነብ ገዢ ግን ጎማው ከትክክለኛ ዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት ያነሰ ይመስለዋል። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ይህን ካላወቀ ሊጣል የሚገባውን አሮጌ ጎማ እንደ አዲስ ዋጋ ሊከፍልበት ይችላል። ሻጩም ሳያውቅ ሊሳሳት ስለሚችል ሁለቱም ቢማሩት ይጠቅማል።

የዕድሜ ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳስበው ብዙ ለማይንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎች ነው። በውጭ አገር እንደ ቤት ተደርገው በተሠሩ የመጓጓዣ መኪኖች ባለቤቶች ዘንድ ይህ የታወቀ ችግር ነው። መኪናው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚነዳ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል፤ ከዚያም በበጋ ዕረፍት ከነሙሉ ጭነቱ ረጅም መንገድ ሲወጣ ይፈነዳል። በእኛም አገር ይህንኑ የሚመስል ሁኔታ አለ። የማኅበር ወይም የድርጅት መኪና በግቢ ውስጥ ለወራት ቆሞ ይከርማል፤ ቤተሰብ ለበዓል ወይም ለሠርግ ብቻ የሚያስነሳው አሮጌ መኪናም ይኖራል። እንዲህ ያለውን መኪና በጥላ ሥር ማቆም ወይም ጎማውን ከፀሐይ በሸራ መከለል፣ ነፋሱን አለመጓደል፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ትንሽ ማንቀሳቀስ፣ ከረጅም ጉዞ በፊትም የጎማውን ጎን ለስንጥቅና ለእብጠት መመርመር ይገባል።

ስኮርታው ጎማም አይዘነጋ። ከመኪናው ሥር ወይም ከኋላ ተንጠልጥሎ ዓመታት የሚያሳልፈው ስኮርታ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ያረጀ ነው። በዓባይ በረሃ መካከል ተፈልጎ ነፋስ የሌለው ሆኖ ከተገኘ ከሌለ የሚሻልበት ነገር የለም።

የጎማ ጥርስና የክረምት መንገድ

ጎማ አስፋልቱን የሚነካው ከአንድ የእጅ መዳፍ ብዙም በማይበልጥ ስፋት ነው። አራቱ መዳፎች ናቸው መኪናውን ከነተሳፋሪው በመንገድ ላይ የሚይዙት። መንገዱ ሲረጥብ የጎማው ጥርስ ውሃውን በቦዩ እያስወጣ ላስቲኩን ከአስፋልቱ ጋር ያገናኛል። ሊሾ የሆነ ጎማ ግን ውሃውን የሚያስወጣበት ቦይ ስለሌለው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዙም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን የያዘ ሳይመስል የሚያልፉት ሁለት ሰከንዶች ከ40 ሜትር በላይ ይወስዳሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በሚበዛበት በምዕራብ ጎጃም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአውሮፓ ለአነስተኛ መኪኖች የተፈቀደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በጎማው ቦይ ውስጥ በየመካከሉ ዝቅ ብለው የተሠሩ ትንንሽ ድልድዮች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ የጎማው ጊዜ አብቅቷል። ያለቀ ጎማን በስለት ቀርጾ ጥርስ ያለው ማስመሰል ደግሞ ራስን ማታለል ነው። ለዚያ ተብሎ ባልተሠራ ጎማ ላይ ስለቱ የሚቆርጠው ክሩንና ሽቦውን የሚጠብቀውን የመጨረሻውን የላስቲክ ሽፋን ነው።

የጥርሱ አበላል ራሱ ይናገራል። ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ ነፋሱ አንሶ ቆይቷል፤ መካከሉ ብቻ ካለቀ ነፋሱ በዝቶ ነበር፤ በአንድ ጎን ብቻ ካለቀ የእግሩ አቀማመጥ ተዛብቷል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ከተበላ ባላንሱ ወይም አሞርዛተሩ መታየት አለበት። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ጎማ መግጠም ገንዘቡን ለሁለተኛ ጊዜ መጣል ነው።

በጎሚስታ ቤት ስላሉ ልጆቻችን

የቲም ልጅ አድጎ ሙያ ይማር ዘንድ በጎሚስታ ቤት የሚገባበት ጊዜ አለ። መልካም ሙያ ነው፤ በመንገድ ዳር ባሉ ከተሞችም ሥራ አይጠፋበትም። ነገር ግን አሳዳጊዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ አደጋ አለ። በብዙ የጭነት መኪኖች ላይ ጎማውን በቸርኬው ላይ የሚይዘው ተለይቶ የሚወጣ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ፣ ወይም ዝጎና ተጣሞ እያለ ነፋስ ሲሞላ ቀለበቱ እንደ ጥይት ተወርውሮ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ሊገድል ይችላል።

መከላከያው የታወቀ ነው። ጎማው ከመፈታቱ በፊት ነፋሱ ፈጽሞ ይውጣ፤ ካላማዳሪውም ይፈተሽ። የዛገ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ቀለበት አይገጠም። ጎማው ሲሞላ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይቀመጥ፤ ይህ ከሌለ በወፍራም ሰንሰለት ይታሰር። የሚሞላውም ልጅ በረጅም ቱቦ ከጎን ራቅ ብሎ ይቁም፤ ከቀለበቱ ፊት ለፊት ፈጽሞ አይቁም። ነፋሱ ወርዶ ረጅም መንገድ የተነዳ የጭነት መኪና ጎማም ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወርዶ ሳይመረመር ነፋስ አይሞላበት። ልጅን ለሙያ የምንሰጥ ሁሉ ከደመወዙ በፊት ይህን እንጠይቅ።

በመንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ

ጎማ ሲፈነዳ ሰው የሚቀድመው ስሜት ፍሬን መርገጥ ነው፤ ትክክለኛው ግን ተቃራኒው ነው። አሽከርካሪው መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ መኪናውን ቀጥ ባለ መስመር ለማቆየት ይጥራል፤ ቤንዚን ወይም ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ መኪናው በራሱ ፍጥነት እንዲቀንስ ይተወዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ፍሬኑን በዝግታ ተጠቅሞ ከመንገዱ ይወጣል። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ወደዚያው ጎን ይስባል፤ የኋላ ሲፈነዳ ጭራው ይወዛወዛል። በሁለቱም ጊዜ በድንገት ፍሬን መርገጥና መሪ መጠምዘዝ ብዙዎችን ለመገልበጥ የዳረገ ስህተት ነው።

ጎማ የሚለወጠው ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከመታጠፊያ ርቆ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው ነው። ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ከአስፋልቱ ወጥቶ ይጠብቃል። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይገባም። ዳዶዎቹ በመስቀልኛ ቅደም ተከተል ይጠበቃሉ፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። የተበላሸ መኪና ለሌሎች ምልክት እንዲሆን በአስፋልቱ ላይ ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። መኪናው ከተጠገነ በኋላ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ማታ የሚመጣው መኪና፣ ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ ያን ድንጋይ ያገኘዋል፤ በቀድሞው ጉዞ ላይ ያልነበረ አዲስ አደጋ ተተክሎ ማለት ነው። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ላይ ማንሳት እንደ ሰደቃ የሚቆጠር በጎ ሥራ መሆኑን እናውቃለን። ራሳችን ያስቀመጥነውን አለማንሳትስ ምን ተብሎ ይቆጠር?

ኃላፊነቱ የማን ነው?

«ጎማውን የሚያየው ሾፌሩ ነው» የሚባለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ባለንብረቱ ለጎማ መለወጫ ገንዘብ ካልሰጠ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ተሳፋሪው ትርፍ ሰው ሲጫን ዝም ካለ ረዳቱ ለምን ያቆማል? በተለይ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለዚያራ ወይም የቲም ልጆችን ለመጎብኘት ሚኒባስ የምንከራይ ሰዎች ዋጋውን ብቻ ተከራክረን እንሳፈራለን። የቲምን ለመጎብኘት የሄደ ሰው በመንገድ ቀርቶ የራሱን ልጆች ለሌላ ድጋፍ መዝገብ ቢዳርግ ከዚህ የሚበልጥ ሐዘን ምን አለ?

ስለዚህ ከማንኛውም ረጅም ጉዞ በፊት በነበረው ምሽት የሚከተሉትን እንድናይ እንመክራለን፦

1. የአራቱም ጎማዎችና የስኮርታው ነፋስ በመለኪያ ተለክቷልን?
2. ጥርሱ በቦዩ ውስጥ ካሉት ድልድዮች በላይ ነውን?
3. በጎኑ ላይ ስንጥቅ፣ እብጠት ወይም የወጣ ክር አለን?
4. የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ስንት ይላሉ? በአውሮፓውያን ዘመን መሆናቸው ታስቧልን?
5. ክሪክ፣ የዳዶ መፍቻና የማስጠንቀቂያ ምልክት አሉን?
6. የተሳፋሪውና የጭነቱ ብዛት በተፈቀደው መጠን ነውን?

ይህን ለማየት ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሾፌሩም ቢሆን በአክብሮት ከተጠየቀ አይቆጣም፤ «ወንድሜ፣ ጎማውን አብረን እንይ» ማለት መጠራጠር አይደለም።

አደጋ ደርሶ ለተጎዱ ቤተሰቦችም አንድ ነገር እናስታውስ። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተሽከርካሪዎች ሁሉ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን የመድን ሽፋን እንዲኖራቸው ያስገድዳል። የሟች ቤተሰብ በሐዘን ብዛት የፖሊስ ሪፖርቱንና የሕክምና ማስረጃውን ሳይዝ ስለሚቀር የልጆቹ መብት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ጎረቤትና ዘመድ በዚህ ረገድ ሊያግዛቸው ይገባል። ገንዘቡ አባትን አይተካም፤ ለልጆቹ ግን የሚገባቸው ነው።

ውድ አንባብያን! የሁሉም ሰው ቀጠሮ በአላህ እጅ ነው። ሆኖም ሰበብን ማድረስ ከእኛ የሚጠበቅ ነው። ነፋስ የሌለውን ጎማ ይዞ በረሃ መውረድና «የመጣው ይምጣ» ማለት መመካት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። መኪናው ላይ የተሳፈረው ሰው ነፍስ ለአሽከርካሪውና ለባለንብረቱ የተሰጠ አማና ነው፤ ያን ነፍስ የተሸከመው ጎማም እንዲሁ አማና ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ እንደ ስሙ በሰላም እንዲደርስ፣ በቅጹ ላይ ያለችው መስመርም በመኪና አደጋ ምክንያት የምትሞላበት ቀን እንዲያንስ እንመኛለን።

አላህ መንገዳችንን የሰላም፣ ጉዟችንን የበረካ፣ ቤታችንንም የምንመለስበት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።